ተራ ከመያዝዎ በፊት፦ የቅንጦት አነስተኛ ኤስዩቪ ለሚገዛ የሰሜን ሸዋ ነዋሪ

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት ወይም በመሐል ሜዳ ተቀምጦ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ አውዲ ወይም ቮልቮ ከሚያወጧቸው አነስተኛ ኤስዩቪዎች አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ገበያ ሲወጣ ቀድሞ የሚሰማው «ተራ ይያዙ» የሚለውን ነው። ሻጩ መኪናውን ከማሳየቱ በፊት የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ያሳያል፣ ከፊትዎ ስንት ሰው እንዳለ ይነግርዎታል፣ ዛሬ ቀብድ ካልከፈሉ ቀጣዩ ጭነት እንደሚያመልጥዎም ያክላል። በዚህ ጥድፊያ መካከል ሁለት ጥያቄዎች ሳይነሡ ይቀራሉ። አንደኛው፣ መኪናው እርስዎ ዘወትር የሚመላለሱበትን መንገድ ይችላል ወይ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ገንዘብዎ ለወራት በሻጩ እጅ ሲቆይ መብትዎን የሚያስከብር ምን ወረቀት በእጅዎ አለ የሚለው ነው። ገዢን የሚጎዳው የወረፋው ርዝመት ሳይሆን እነዚህን ሁለቱን ሳይመልስ ወረፋ መግባቱ ነው ብዬ ስለማምን፣ ይህን መመሪያ በእነርሱ ዙሪያ አዘጋጅቼዋለሁ።

ወረፋው የት ላይ እንደቆመ ይጠይቁ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ከዚያ ወዲህ በአዲስነቱ የሚገዛ የቅንጦት አነስተኛ ኤስዩቪ በተግባር የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። በገበያው ከሚታዩት የአውሮፓ ስሞች ብዙዎቹ ደግሞ በቻይና የተመረቱ ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ቢኤምደብሊው አይኤክስ3 ለመላው ዓለም ይመረት የነበረው በቻይናዋ ሼንያንግ ከተማ ነው። ቮልስዋገን አይዲ4ን በዚያው አገር ሁለት የተለያዩ የሽርክና ፋብሪካዎች «ክሮዝ» እና «ኤክስ» እያሉ ያወጡታል፤ አውዲ ኪው4 ኢትሮንም ከጀርመን ሌላ በቻይና ይመረታል። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ሶኬት፣ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ዋስትና ከታች የማነሣቸው ጉዳዮች በሙሉ ከዚህ ስለሚመነጩ፣ መኪናው የየትኛው አገር ገበያ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ መኪና እጅዎ እስኪገባ ብዙ በር ያልፋል። አስመጪው ለአምራቹ ወይም ለውጭ ነጋዴው ትእዛዝ ይሰጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ያገኛል፤ ክፍያው በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የክፍያ ዋስትና በሚሰጥበት ሰነድ) ወይም በሌላ የባንክ መንገድ ይተላለፋል፤ መኪናው መርከብ ላይ ይጫናል፤ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ወደ አገር ውስጥ ይጓጓዛል፤ የጉምሩክ ሥርዓት ይፈጸማል። መዘግየት በየትኛውም ደረጃ ሊያጋጥም ይችላል። ለምሳሌ ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙ የመርከብ ድርጅቶች የስዌዝን መስመር ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር ጀምረው ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ከአውሮፓ ፋብሪካ የሚመጣ መኪና ክፉኛ ሲዘገይ፣ ከቻይና የሚመጣው ግን በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ጅቡቲ ስለሚደርስ ያን ያህል አይነካም።

ስለዚህ «ስንተኛ ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው «መኪናዬ ዛሬ የት ነው ያለችው? በምን ወረቀት ያሳዩኛል?» የሚለው ነው። ታዝዛ ከሆነ ፕሮፎርማ ወይም ኢንቮይስ ይኖራል፤ ተጭና ከሆነ የሻንሲ ቁጥሯ የተመዘገበበት የመርከብ ጭነት ሰነድ ይኖራል፤ ጉምሩክ ደርሳ ከሆነ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ ሰነድ፣ ይኖራል። የሻንሲ ቁጥር ሊነግርዎ የማይችል ሻጭ ለእርስዎ የተመደበ መኪና ገና የለውም፤ እየሸጠልዎ ያለው ተስፋ ነው። ተስፋን መግዛት ክልክል አይደለም፤ ዋጋው ግን የመኪናው ሊሆን አይገባም፤ ቀብዱም በዚያው ልክ ማነስ አለበት።

ካታሎጉን ሳይሆን የራስዎን መንገድ ይዘው ያወዳድሩ

የሰሜን ሸዋ መንገድ ለመኪና ከባድ ፈተና ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ውርጭም፣ ጭጋግም፣ የቆላ ሙቀትም፣ ረጅም ቁልቁለትም አለ።

ከፍታው ራሱ ለኤሌክትሪክ መኪና ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ተርቦ (አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ ደብረ ብርሃን ላይ ሩብ የሚሆነውን ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚሠራው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ባሕር ዳርቻ የነበረውን ጉልበት ጣርማበር ላይም ይሰጣል።

ችግሩ ከሸዋ ሮቢት ሲመለሱ የሚከፈለው ኃይል ነው። ተሳፋሪዎቹንና ዕቃውን ጨምሮ 2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ1,800 ሜትር በላይ ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 11 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል፤ በሞተርና በባትሪ ውስጥ የሚባክነው ሲታከልበት ከዚያ ያልፋል። ይህ እንግዲህ ሜዳ ላይም ቢሆን የማይቀረውን በ100 ኪሎ ሜትር ከ18 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ፍጆታ ሳይጨምር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ለመመለስ 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መያዝ ይገባል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ለሆነ መኪና ይህ ግማሹ ነው። ስለዚህ ሻጩ «500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ሲልዎ ቁጥሩን ከመቀበል ይልቅ ጥቅም ላይ የሚውለውን የባትሪ መጠን በኪሎዋት ሰዓት ይጠይቁና ሒሳቡን በራስዎ መንገድ ይሥሩት።

ርቀቱን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የቻይናው መለኪያ፣ ሲኤልቲሲ የሚባለው፣ የከተማ ዝግተኛ ጉዞን ስለሚያበዛ ከአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ብዙ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል፤ የአሜሪካው ደግሞ ከአውሮፓውም ዝቅ ይላል። በአንዱ መለኪያ የተጻፈን መኪና በሌላው ከተጻፈ መኪና ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። ሁለት መኪና ሲያወዳድሩ ሁለቱም በአንድ መለኪያ የተጻፉ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ቁልቁለቱ የራሱ ትምህርት አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬኑም በዚያው መጠን ያርፋል። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለማይኖረው ይህ አሠራር ይቀንሳል ወይም ይቆማል፤ ሸክሙም በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጣርማበር አናት አካባቢ 100 በመቶ ሞልቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ገደሉ ሥር የተኙትን መንደሮች ማየት ሲጀምር፣ የለመደው የመያዝ ኃይል ፔዳሉን ሲለቅ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ረጅሙን ቁልቁለት ሲጀምሩ ባትሪው 80 ወይም 85 በመቶ ቢሆን ይሻላል፤ ከጎደለው የተወሰነው በቁልቁለቱ ይሞላል። የሙከራ ጉዞ ሲያደርጉም መኪናው የመያዝ ኃይሉን በመሪው ላይ ባለ ማንሻ ወይም በሌላ ቀላል መንገድ ደረጃ በደረጃ ለመጨመርና ለመቀነስ ያስችል እንደሆነ ይፈትሹ። አይዲ4 እና ኪው4 ኢትሮን በኋላ እግራቸው ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ፍሬን እንዳላቸውም ይወቁ፤ በተለመደው አነዳድ በቂ ነው፣ ግን ኃይል የመመለሱ አሠራር መሥራቱ ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ውርጭ ደግሞ ባትሪን ያሰንፋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ዕድሜው ረጅም፣ በየጊዜው 100 በመቶ ቢሞላም ብዙ የማይጎዳ ሲሆን፣ በብርድ ጊዜ ግን ቻርጅ የመቀበል ፍጥነቱ ይቀንሳል። ኒኬል ያለበት ዓይነት በብርድ የተሻለ ቢሆንም ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ከ80 በመቶ በላይ ባይሞላ ይመረጣል። ለደብረ ብርሃንና ለመንዝ ደጋ ነዋሪ እኔ የማስቀድመው የባትሪውን ዓይነት ሳይሆን መኪናው የሙቀት ፓምፕ (በትንሽ ኃይል መኪናውን የሚያሞቅ መሣሪያ) እና ባትሪውን አስቀድሞ የሚያሞቅ ሥርዓት ያለው መሆኑን ነው። ለቻይና ገበያ በተመረቱ አንዳንድ መኪኖች ላይ የሙቀት ፓምፑ ስለማይገጠም በስሙ ብቻ አይተማመኑ፤ የዚያችን መኪና ዝርዝር ይዩ።

ከዋናው አስፋልት ወጥተው ወደ ገጠር የሚገቡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርዱ ወይም በመንዝ ኮረኮንች የሚመላለሱ ከሆነ፣ ባትሪው ወለሉ ሥር መሆኑን አይርሱ። የእነዚህ መኪኖች ከመሬት ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለኤስዩቪ መልካቸው ከሚያስገምተው ያነሰ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም ደግሞ ጉብታ ላይ ሆድ የመንካቱ ዕድል ይጨምራል፤ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ይህ ርቀት 3 ሜትር ስለሆነ ውስጡ ሰፊ፣ ሆዱ ግን ተጋላጭ ነው። መኪናውን በክሪክ ወይም በጋራዥ ማንሻ አስነሥተው የባትሪውን መሸፈኛ ይመልከቱ፤ ፕላስቲክ ብቻ ነው ወይስ ብረት አለው?

ጎማ ላይ ጠበቅ ብዬ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም እኔ እንዳየሁት ገዢዎች ቀለምን እንጂ ጎማን አይጠይቁም። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪዎች ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ የመድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ይሰጣሉ። ፈሳሹ በሚስማር የተበሳን ጎማ ይደፍናል፤ ስለታም ድንጋይ ጎኑን የቀደደውን ግን አይደፍንም። ከዚህም በላይ አይዲ4፣ ኪው4 ኢትሮንና የቀድሞው ቮልቮ ኤክስሲ40 ሪቻርጅ የፊትና የኋላ ጎማቸው ስፋት የተለያየ በመሆኑ አንድ ትርፍ ጎማ ገዝተው ለአራቱም ማዋል አይችሉም። 20 እና 21 ኢንች ቸርኬ ሲያዩት ያምራል፤ የጎማው ጎን ግን ቀጭን ስለሚሆን ድንጋዩ በቀላሉ ቸርኬውን ይመታል። ምርጫ ካለዎ 18 ወይም 19 ኢንቹን ይውሰዱ፤ ያ መጠን አዲስ አበባ ባሉ ጎማ መሸጫዎች እንደሚገኝም ከማዘዝዎ በፊት ያረጋግጡ።

ቤትዎ ሊሞላው ይችላል ወይ

አዲስ አበባ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን የቻርጅ ጣቢያዎችን ከፍቷል። ለሰሜን ሸዋ ነዋሪ ግን ዋናው ጣቢያ የራሱ ግቢ ነው። ስለዚህ መኪናውን ከማወዳደር እኩል የቤትዎን መስመር ማስመርመር ይገባዎታል።

በተለመደው ሶኬት የሚገባው ኃይል 2 ኪሎዋት ገደማ ነው። ሌሊቱን ለ12 ሰዓት ያህል ቢሞሉ ከብክነቱ በኋላ 21 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፣ ማለትም ከ105 እስከ 115 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ያገኛሉ። ከተማ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ሰው ይህ ይበቃል፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ለሚመለስ ነጋዴ ግን አይበቃም፤ ደርሶ መልሱ ብቻ 260 ኪሎ ሜትር ነውና። ለእርሱ 7 ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ 32 አምፒር የሚችል ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል። የቆጣሪዎን አቅም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አስቀድመው ይጠይቁ፤ አስፈላጊ ከሆነም ማሳደጊያውን በወረፋው ወራት ያስጨርሱ።

ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚቀበረው የደኅንነት መስመር ነው። ቤቱ ግራውንድ ከሌለው ወይም የተቀበረው ብረት ዝጎ ከላላ፣ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል፤ ባለቤቱም መኪናው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አንዳንድ ሠራተኛ ግራውንዱን ከኑል ሽቦ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን «ያታልልልዎታል»። ይህን ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ኑሉ በተቆረጠ ቀን የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላልና፣ መኪናውን የሚነካው ደግሞ ልጅዎ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ግራውንድ አስቀብረው በመለኪያ ያስለኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ሶኬቱ አለ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢቲ የሚባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ2 የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ለዝግተኛው የቤት ቻርጅ ማገናኛ በቀላሉ ይገኛል፤ ለፈጣኑ ግን ማገናኛው ውድ ነው፣ አስተማማኝነቱም እንደ አምራቹ ይለያያል። የሚመላለሱበት ጣቢያ የትኛው ገመድ እንዳለው ይዩና መኪናውን ከዚያ ጋር ያስማሙ።

ስሞቹ ጎን ለጎን

መርሴዲስ ኢኪውቢ ከእነዚህ መካከል ሰባት መቀመጫ ሊኖረው የሚችለው ነው፤ ቤተሰቡ ሰፊ ለሆነ ሰው ይህ ብቻውን ሊያስመርጠው ይችላል፤ የባትሪው መጠን ግን ከአይኤክስ3 ያንሳል። የመጀመሪያው አይኤክስ3 በኋላ እግር ብቻ የሚነዳ፣ 80 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ ለረጅም የአስፋልት ጉዞ የሚስማማ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ገደማ ለሕዝብ የታየው አዲሱ አይኤክስ3 በሃንጋሪዋ ደብረሰን የሚመረት ፍጹም የተለየ መኪና ስለሆነ፣ በውልዎ ላይ «አይኤክስ3» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ቮልቮ ኢኤክስ40 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ኤክስሲ40 ሪቻርጅ ይባል የነበረው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሞተር ያላቸው በፊት እግር፣ በኋላ የመጡት በኋላ እግር ይነዳሉ፤ ሁለት ሞተር ያለው በአራቱም ይነዳል። አይዲ4 እና ኪው4 ኢትሮን በአንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸው፤ አውዲው የሚበልጠው በውስጥ ዕቃው፣ በድምፅ መከላከያውና በስሙ ነው። ለስሙ የሚጨመረውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱንም በአንድ ቀን ይንዱ።

በአራቱም እግር መነዳት ለማን ያስፈልጋል? በእኔ እምነት በክረምት ጭቃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ብቻ። ከአስፋልት ለማይወጣ ሰው ሁለተኛው ሞተር ክብደትና ፍጆታ ይጨምራል፤ በዚያ ገንዘብ የግድግዳ ቻርጀርና ጥሩ ጎማ ቢገዛ ይሻለዋል።

ወረፋውን መታገሥ ለማይችል ሰው ያገለገለ የነዳጅ መኪና አማራጭ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ለደጋው ይሻላል። ከእገዳው ወዲህ ግን አዲስ ስለማይገባ ያረጀውም ዋጋው አልወረደም፤ መለዋወጫ ፍለጋውም እየከበደ እንደሚሄድ ከወዲሁ ማሰብ ይገባል።

ቀብድና ውል

ሻጩ የ6,000,000 ብር መኪና ሸጦልዎ 30 በመቶ በቅድሚያ ጠየቀ እንበል። 1,800,000 ብር ለስምንት ወር በእጁ ይቆያል ማለት ነው። በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ቢታሰብ እንኳ 84,000 ብር ያለ ወለድ አበድረውታል። ይህን የማነሣው ወለድ ይጠይቁ ለማለት ሳይሆን፣ አበዳሪ እንደሆኑ አውቀው እንደ አበዳሪ እንዲደራደሩ ነው፦ መጀመሪያ ትንሽ ይክፈሉ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ሲመጣ ይጨምሩ፣ ዲክላራሲዮኑን ሲያዩ ይጨምሩ፣ ቀሪውን በርክክብ ይክፈሉ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ግልጽ ደንብ አለው። በቁጥር 1885 መሠረት ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው የሰጠው ቀብድ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ለገዢ ትልቅ ጥበቃ ነው። ሻጮች ባዘጋጁት ቅጽ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከታች በትንንሽ ፊደል ደግሞ «ገዢው ቢተው 20 በመቶ ይቀነሳል፣ ሻጩ ማቅረብ ቢያቅተው ያለ ወለድ ይመልሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባል። ሕጉ ሌላ ስምምነትን ስለሚፈቅድ በፊርማዎ ያን ጥበቃ ትተዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ በውሉ ላይ «ቀብድ» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ቢያንስ ቅጣቱ ለሁለቱም እኩል ይሁን።

ዋጋው በብር ተጽፎ «እንደ ምንዛሪው ሁኔታ ሊሻሻል ይችላል» የሚል አንቀጽ ካለበት፣ የተጻፈው ዋጋ ዋጋ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በዚያን ጊዜ ወረፋ ላይ ለነበረ ገዢ የውሉ አንድ መስመር ከመኪናው ሁሉ በላይ ዋጋ ነበረው። ስለዚህ ማሻሻያው በየትኛው ባንክ የመሸጫ ተመን፣ በየትኛው ቀን፣ በዋጋው ስንት በመቶ ላይ እንደሚሰላ ይጻፍ፤ ጣሪያም ይኑረው፤ ጣሪያው ከታለፈ እርስዎ የከፈሉትን በሙሉ ተቀብለው የመውጣት መብት ይኑርዎ። የቀረጥና የታክስ ለውጥ ቢመጣ ማን እንደሚሸከመውም እንዲሁ ይለይ። ለኤሌክትሪክ መኪና የተሰጠው የታክስ ማበረታቻ ሊሻሻል ስለሚችል፣ በፈረሙበት ሳምንት የሚሠራበትን መጣኔ ከጉምሩክ ኮሚሽን ጠይቀው ስሌቱን ከውሉ ጋር ያያይዙት።

የማስረከቢያው ጊዜ ቀን ይኑረው፤ «በሦስትና አራት ወር ውስጥ» የሚል አነጋገር አይበቃም። ቀኑ ካለፈ በየወሩ የሚታሰብ ቅጣት፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደግሞ ውሉን የማፍረስ መብት ይጻፍ። መኪናው ወደብ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቢቆይ የሚመጣውን የማቆያ ክፍያ ማን እንደሚከፍል ይለይ። የምርት ዓመቱ፣ የባትሪው መጠን፣ የሶኬቱ ዓይነት፣ የቸርኬው መጠን፣ የሙቀት ፓምፕ መኖሩ ሁሉ በስም ይዘርዘር፤ ምክንያቱም ረጅም ወረፋ ባለበት ገበያ የተለመደው ቅሬታ መኪናው አለመምጣቱ ሳይሆን ሌላ ዓይነት መምጣቱ ነው፤ «ይቺን ካልወሰዱ እንደገና መጨረሻ ላይ ይሰለፋሉ» ሲባል ደግሞ ሰው እየከፋው ይቀበላል። ተራዎን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ መቻልዎም ይጻፍ፤ ሐሳብዎ ቢለወጥ ገንዘብዎን የሚያስመልሱበት ሌላ በር ይሆናል።

ክፍያውን ሁልጊዜ በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያድርጉ፤ በደላላ ወይም በሽያጭ ሠራተኛ የግል ሒሳብ ፈጽሞ አይክፈሉ። የንግድ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢንተርኔት አገልግሎት ማጣራት ይቻላል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሄደው ሲፈርሙ በዚያው ቀን እንዲጨርሱ ሊጫኑዎት ይችላሉ፤ ረቂቁን አስቀድመው በስልክ ያስልኩና ለጠበቃ ያሳዩ። ጠበቃ የማያሳይ ጥድፊያ ያለበት ሽያጭ ካለ ትተውት ይመለሱ።

መኪናው ሲመጣ

ደስታው ከማሸነፉ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን በመስታወቱ ሥር፣ በአካሉ ላይ፣ በዲክላራሲዮኑና በውሉ ላይ ያመሳክሩ፤ አራቱም አንድ መሆን አለባቸው። የጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3224 ቢል በ2024 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አራቱ ጎማዎች የተለያየ ዓመት ካላቸው መኪናው አገልግሎ ሊሆን ይችላልና ምክንያቱን ይጠይቁ።

ወደ ውጭ ከሚላኩት የቻይና መኪኖች መካከል አንዳንዶቹ በዚያ አገር አንድ ጊዜ በሰው ስም ተመዝግበው፣ ሳይነዱ እንደ ያገለገለ ዕቃ የሚወጡ ናቸው። ኪሎ ሜትራቸው ዜሮ ቢሆንም የፋብሪካው ዋስትና ከተመዘገቡበት ቀን ይቆጠራል፤ ከአገሩ ውጭም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ዋስትናው የአምራቹ ነው ወይስ የአስመጪው፣ ባትሪው ቢበላሽ አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠግነው ጋራዥ የትኛው ነው የሚለውን በጽሑፍ ይያዙ።

ለወራት ወደብ ላይ የቆመ መኪና ትንሿ 12 ቮልት ባትሪው ልትደክም ትችላለች፤ በመለኪያ ትታይ። የትልቁን ባትሪ ጤንነት ባለሙያ በመመርመሪያ መሣሪያ አንብቦ በመቶኛ ይንገርዎ። ገጹ ከቻይንኛ ወደሚያነቡት ቋንቋ መቀየሩን፣ መኪናው ከቀድሞ ባለቤት የስልክ መተግበሪያ ጋር ያልተያያዘ መሆኑን፣ ሁለቱም ቁልፎችና የቻርጅ ገመዱ መኖራቸውን ይፈትሹ። ከዚያ ፈጣን ጣቢያ ወስደው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በፊትዎ ቻርጅ ይደረግ፤ ገመዱ ገብቶ ኃይል መቀበሉን በዓይንዎ ሳያዩ ቀሪውን አይክፈሉ።

ሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ሙሉ መድን ሲገቡ ግን ድንጋይ ከሥር መትቶት ባትሪው ቢጎዳ የሚሸፈን መሆኑ በፖሊሲው ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ያድርጉ። መድኑ ከአዲስ አበባ ከመውጣትዎ በፊት የጸና ይሁን። ሊብሬው በስምዎ እስኪወጣ ድረስ ከዋጋው ላይ የተወሰነ ቀሪ በእጅዎ እንዲቆይ በውሉ ውስጥ አስገብተው ከሆነ፣ ያን ገንዘብ የሚከፍሉት ሊብሬውን ተረክበው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ካመሳከሩ በኋላ ነው።